የተሸጠች ልጅ የምርጫ ካርድ

ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮው ራዲዮኑን ከሞተሩ ጋር ሊያፎካክር ይመስል እስከ ጥጉ ይከፍተዋል። ሞተሩ ድንገት ሲቆም ራዲዮኑ ብቻውን ይጮህና ሁላችንም እንደነግጣለን። ያን ዕለት ቀበቶው ተበጥሶ ሞተሩ ቆመ፤ ወሬውም ጥርት ብሎ ተሰማ። ባሕር ማዶ ባለ አንድ ትልቅ አገር ሰዎች በመታወቂያ ተጣልተዋል ይላል። ግማሾቹ «መታወቂያ ያላሳየ አይመርጥም፤ አለዚያ አንዱ ሰው በሁለት ስም እየገባ ያጭበረብራል» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ድሀው፣ ሽማግሌው፣ ገጠሬው ከየት ያመጣል? ይህ ሰውን ከምርጫ ማስቀረት ነው» ይላሉ። ሌላም አገር አለ፤ ሰው ስሙንና ሰፈሩን ብቻ ተናግሮ ይመርጥ የነበረ፣ አሁን ግን ፎቶ ያለበት ወረቀት አምጣ የሚል።

«እነሱም አገር መታወቂያ የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለች ከጎኔ ስንዴ ይዛ የቆመችው ሴት።

«ምነው፣ እነሱስ ሰው አይደሉም?» አላት ባለወፍጮው ቀበቶውን እየጠገነ።

«እኔማ መታወቂያቸውን በአንገታቸው አስረው የሚወለዱ ይመስለኝ ነበር።»

ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ራዲዮኑ ወዲያው ወደ እኛ አገር ተመልሶ ለዘንድሮው ምርጫ ካርድ ማውጣት ሊጀመር ነው አለ። እቤቴ ደግሞ መታወቂያ የሌላት፣ ካርድ አወጣለሁ ብላ የቆረጠች ልጅ አለች። መታወቂያ ያጣችው በእኔ ምክንያት ነው።

ስሟን አልጽፈውም። የማንንም ስም አልጽፍም። ለምን እንዲህ እንደሆንሁ ከታች ስናገር ይገባል።

እኛ ያለነው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ጠዋት የተነሳ ሰው ገበያው ሳይሞቅ ከተማ ከሚደርስበት መንደር ነው። እዚህ ተድሬ ከመጣሁ በኋላ የወለድኋቸው ልጆች አልበረከቱልኝም። አንዱ ጡት ሳይዝ፣ አንዷ መዳህ ስትጀምር፣ አንዱ ደግሞ ስሙ ሲጠራ ዘወር ማለት በለመደ ጊዜ ሄዱ። ሰው «በቃ፣ የሚቀጥለውን ሽጪው» አለኝ። በእኛ አገር ልጅ አልበረክት ያላት ሴት እንዲህ ታደርጋለች። አራስ ልጇን በጓሮ በኩል አውጥታ ለጎረቤት ትሸጣለች። ጎረቤቷ እፍኝ ጤፍ ሰጥታ ትገዛና ስም ታወጣለች፤ ከዚያ ልጁ የገዢዋ ነው። ወላጂቱ ጡት ታጠባለች፣ ታሳድጋለች፣ ግን «የኔ ነው» አትልም። ሞት የሚመጣው የእናትየዋን ቤት ለምዶ ነው ይባላል። ቤቷ መጥቶ «ልጅ አለ?» ሲል «የለም፣ ይህ የጎረቤት ነው» ከተባለ ይመለሳል።

እሷ ስትወለድ የገዙልኝ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እትዬ ነው የምላቸው። እስላም ናቸው። ባላቸው ነፍሳቸውን ይማርና ቁርአን ያስቀሩ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ በቤት የምትጠራበት ስም የእስላም ስም ሆነ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ድግሱ የተደገሰው በእሳቸው ግቢ ነው። ሥጋችን ስለማይበላላ ሽሮውና ምስሩ፣ ጌሾ የሌለበት ጠላ ቀረበ። የንስሐ አባታችን ተቆጡኝ። «እግዚአብሔር ደጃፍ ተሳስቶ ይገባል ብለሽ ነው?» አሉ። ተቆጥተው ሲያበቁ ግን የገዢዋን ቤት መርቀው ሄዱ።

ልጅቱ አደገች። እሳቸውን «እማ» ትላለች፤ እኔን «እትዬ»። ቤተሰብ የሚመዘግቡ የቀበሌ ሰዎች ሲመጡ «ያቺስ?» ይሉኛል፣ «የጎረቤት ናት» እላለሁ። እዚያም ቤት ሲደርሱ «አዎ፣ የኛ ናት» ይባላሉ። እንዲህ እያለ በእሳቸው ቤት ቁጥር ተጻፈች።

አባቷ ግን ዝም ብሎ ሄዶ ትምህርት ቤት በራሱ ስም አስገባት። ስሰማ አለቀስሁ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ። «ሞት ፊደል አልቆጠረም። የትምህርት ቤት መዝገብ አያነብም።»

ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ እሱ ሞተ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብሁ። «ልጄ ናት» ብሎ ያስመዘገበው እሱ ነው፤ የተወሰደውም እሱ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲያ በአፌ ላይ ቁልፍ አኖርሁበት።

ዐሥራ ስምንት ስትሞላ መታወቂያ ልታወጣ ቀበሌ ሄደች። ከዚያ ስትመለስ ሳቅም ንዴትም ፊቷ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ሁለት አባት አለሽ ተብዬ መጣሁ። ሰው አንዱን አጥቶ ያለቅሳል።»

የትምህርት ቤቱ ማስረጃ በአንድ አባት፣ የቀበሌው በሌላ። አይገጥምም። «የወለደችሽን ሴት አምጪና ታስረዳ» ብለዋት ነበር። እሷም አልጨቀጨቀችኝም፤ እኔም አልሄድሁም። ነገሩ እንዲሁ ዋለ አደረ። መንገድ ላይ መታወቂያ የሚጠየቅበት ዘመን ሆኖ ሳለ፣ ደሴ ለመሄድ ባሰበች ቁጥር ቀረች። መታወቂያ ስለሌላት እፈራለሁ፣ እንዳይኖራት ያደረግሁት ራሴ መሆኔንም እፈራለሁ።

የምርጫ ካርዱ ነገር ሲመጣ ግን አልቀረችም።

«ጓደኞቼ ሁሉ ሊያወጡ ነው» አለች። «እኔ ብቻ የሌለሁ ሰው ነኝ?»

«ለማን ልትመርጪ ነው?» አልኋት ነገር ላስቀይስ።

«ድምፅ ምስጢር ነው እትዬ። አይነገርም።»

ድምፁ ምስጢር ከሆነ ባለድምፁስ ምስጢር ቢሆን ምን ነበረበት አልሁ በልቤ።

መላውን ያመጡት ጎረቤቴ ናቸው። መታወቂያ የሌለው ሰው የአካባቢው ሰው መስክሮለት ይመዘገባል የሚል ነገር ሰምተው መጡ። «አብሽሪ» አሉኝ። «አንቺ ምንም አትናገሪም። ሄደሽ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ። አገር ያውቃታል፤ አገር ይመስክርላት።»

ይህ ነገር ደስ አለኝ። እኔ ሳልናገር ሌላው ከተናገረ ነገሩ በእኔ አልሆነም።

ምዝገባው ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበር። ጠዋት ሦስታችን ወጣን፤ ልጅቱ ከፊት፣ ጎረቤቴና እኔ ከኋላ። ሰልፉ ከክፍሉ በር እስከ ባንዲራው መስቀያ ደርሷል። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያደርገው ሌላ ምን አለ፣ ክርክር ተነሳ።

ከፊታችን የላይኛው መንደር ሽማግሌ ነበሩ፣ በቅሏቸውን ከግንድ አስረው። ከእሳቸው ቀጥሎ አዲስ አበባ ግንበኝነት ሲሠራ ቆይቶ የመጣ የመንደራችን ጎረምሳ አለ። አሻራና ዓይን የሚነሳበትን አዲሱን ዲጂታል መታወቂያ አውጥቷል፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያሳያል።

«አያ፣ እርስዎስ መታወቂያ አለዎት?» አላቸው።

«የለኝም። ማሽኑ ላይ ጣቴን ጫን አድርጌ ነበር፣ አላወቀኝም። የጣቴን መስመር ሞፈር በልቶታል አሉኝ።»

«ታዲያ እንዴት ሊመርጡ ነው?»

«እንዴት ማለት? እኔን የሚያውቀኝ ጎረቤቴ ነው ወይስ ወረቀት? በሬ እንኳ ስሸጥ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ነው።»

«ለዚያ ነዋ የተሰረቀ በሬ ገበያ የሚውለው።»

ሰልፉ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። ጎረምሳው ግን ነገሩን ለሳቅ ብቻ አላመጣውም። «የምሬን ነው አያ። ሰው ዋስ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ይዋሻል። የወንድሙን ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ ሃያ ነው ብሎ ያስመዘግባል። ወረቀት ዘመድ የለውም።»

«ዘመድ የሌለው ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ያውቃል?» አለች ከኋላዬ ያለች ሴት። ይህችን ሴት በደንብ አውቃታለሁ። ከማሳችን ድንበር የተነሳ ተጣልተን ለረጅም ጊዜ በመንገድ ስንተላለፍ ፊት የምንዟዟር ነን። «ባሕር ማዶም በዚሁ እየተጣሉ ነው ሲል ሰምቻለሁ በራዲዮን። እነሱ አውሮፕላን ሠርተው ያልፈቱትን አንተ በግንበኝነት ልትፈታው ነው?»

«እኔ ምን አልሁ፣ ወረቀት ያውጡ ነው ያልሁት።»

«አንተማ በቅሎይቱንም መታወቂያ አውጪ ትላት ይሆናል።»

«እሷስ ከአያ ትሻላለች፤ ኮቴዋ አልተበላም።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱበት፤ እሱም እንደ ሕፃን ሸሸ። ስቄ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሳቄ ሲያበቃ የእኛ ተራ እየደረሰ መሆኑን አየሁና ከጎረቤቴ ኋላ ሸሸት አልሁ።

መዝጋቢዋ ከመካነ ሰላም ከተማ የመጣች ወጣት ሴት ነች። ትሑት ናት፤ ለትልቁም ለትንሹም ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ሽማግሌውን ጎረቤቶቻቸው ወዲያው መስከሩላቸውና ካርዳቸውን ተቀበሉ፤ ግን አልሄዱም፣ የእኛን ነገር ሊያዩ በሩ አጠገብ ቆሙ። ጎረምሳውም ቆመ። ከዚያ ልጅቱ ጠረጴዛው ፊት ቀረበች። መዝጋቢዋ መታወቂያ ጠየቀች፤ የለም። ሌላ ማስረጃ ጠየቀች፤ ልጅቱ የትምህርት ቤቱን ሰጠች፤ የቀበሌው ሰው ደግሞ በዚያ በኩል ሆኖ «እኛ ጋ ያለችው በሌላ አባት ነው» አለ።

«ችግር የለም» አለች መዝጋቢዋ ወደ ሰልፉ ቀና ብላ። «ይችን ልጅ የሚያውቃት ሰው አለ?»

«አለ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ አውቃታለሁ።»

«እኔም» አለች የድንበር ባላጋራዬ።

«ጥሩ። የማን ልጅ ናት?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መለስ አድርገው ዘጉት። ቀስ ብለው መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

«እሱን አላውቅም» አሉ።

መዝጋቢዋ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እርስዎስ?»

«እኔም አላውቅ።»

«ልጅቷን ግን ያውቋታል?»

«እንዴት አላውቃት፣ ከዚህችው ነው ያደገች።»

«ማን ቤት?»

«ሁሉም ቤት» አሉ ሽማግሌው።

መዝጋቢዋ ግራ ገባት። ሰልፉን ሁሉ አየች። ያ ሁሉ ሲስቅና ሲከራከር የነበረ ሰው ዝም አለ። አንዱ የነጠላውን ጫፍ ያያል፣ አንዱ ጣራ ያያል። «አንተስ ወንድሜ?» አለችው ጎረምሳውን። «አንተ የመንደሩ ልጅ አይደለህም?» ይህ ልጅ ከእሷ ጋር ነው ያደገው። ጥጃ አብረው ጠብቀዋል፣ አንድ ክፍል ተምረዋል። እሱ እንኳን ይናገራል አልሁ፤ ወረቀት እንጂ ሰው አይታመንም ሲል የነበረ ነው።

«እኔ አዲስ አበባ ነው የኖርሁት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ያኔ ነው የገባኝ። አጃኢብ ነው መቼም። እኔ ለእነዚህ ሰዎች አንድም ቀን «ደብቁልኝ» አላልኋቸውም። ተሰብስበን አልተማማልንም። ግን ይህን ሁሉ ዓመት አገር ሙሉ አንዲት ልጅ የእኔ መሆኗን እያወቀ ደብቋል። ውኃ ስቀዳ «ልጅሽ» ያለኝ የለም። ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ የለም። ሕፃናቱ እንኳ ሲጣሉ አላሏትም። ይቺ ከኋላዬ የቆመች ሴት በድንበሩ ጊዜ እናቴን ሰድባለች፣ አባቴን ሰድባለች፣ ዘሬን ሁሉ ከከላላ እስከ ወግዲ ቆጥራ ረግማለች። በዚያ ሁሉ እርግማን ውስጥ ግን «ልጅሽን» አላለችም። አንዲት ቃል ብትጨምር እንደምታቆስለኝ ታውቅ ነበር። አልጨመረችም።

መዝጋቢዋ ወደ ጎረቤቴ ዞረች። «እናት፣ የቀበሌው በእርስዎ ቤት ነው የሚል። እናቷ እርስዎ ነዎት?»

ጎረቤቴ በሐሰት የሚምሉ ሰው አይደሉም። ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ልጄ ናት» አሉ። «ግን አልወለድኋትም።»

«እሺ፣ ማን ወለዳት?»

«እሱን የወለደ ይናገር።»

ወደ እኔ አላዩም። ማንም ወደ እኔ አላየም። ልጅቱም ጀርባዋን እንደሰጠችኝ አልዞረችም። ሁሉም ሰው ሆን ብሎ እኔን እንዳያየኝ ሲጠነቀቅ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ዛሬ ልመዘግባት አልችልም፤ አዝናለሁ» አለችና ማስረጃውን ለልጅቱ መለሰችላት። ልጅቱ ተቀበለች። እጅ ነሳቻት። ወረቀቱን በቀድሞ እጥፋቱ መልሳ አጠፈችው፤ ያ ነው ያንገበገበኝ። እንዲህ መመለስን ለምዳዋለች።

አባቷን አሰብሁ። እነዚያን ስማቸውን የማልጠራቸውን ሕፃናት አሰብሁ። ከዚያ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደገምሁት። «እኔ ነኝ። የወለድኋት እኔ ነኝ። ልጄ ናት።»

ጣራውን አየሁ። ሞት ሰምቶ መጥቶ እንደሆነ ብዬ ነው። ቆርቆሮው ላይ እርግብ ነገር ሲራመድ ተሰማ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ናት» አሉ ሽማግሌው። «የክርስትናዋን ዳስ የጣልሁ እኔ ነኝ።»

«ናት» አለች የድንበር ባላጋራዬ። «በምጧ ጊዜ ወገቧን ይዤ ያደርሁ እኔ ነኝ። ቂጧ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለ፤ ትግለጥና ይታይ እንዳልል ሰው አለ።»

«አቦ ተይ» አለች ልጅቱ፣ ፊቷ ቀልቶ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ሁሉም ያወራ ጀመር። አንዱ ገንፎ እንደበላ፣ አንዷ ውኃ እንዳሞቀች፣ ጎረምሳው ሁለተኛ ክፍል ሳሉ አባቷ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ እንዳሻገራቸው። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች።

«ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ቅድም ምነው አላውቅም አላችሁኝ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደገፉ። «ባለቤቲቱ ሳትናገር እኛ ብንናገር፣ ነገ ልጅቱን ራሷን ቢያማት በማን ይሆናል?»

መዝጋቢዋ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ስህተት እንዳይኖር ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው፤ የእሷን ስም፣ የአባቷን፣ የአያቷን። ሦስቱ ተከታትለው ሰው ፊት ሲጠሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርሁት፣ ብዙ ነገር አላነበብሁም፤ ግን ሦስት ስም ተደርድሮ እንዲህ ሰውን ቀጥ አድርጎ ሊያቆም እንደሚችል አላውቅም ነበር። ልጅቱ ፈረመች። ካርዱ ተሰጣት።

ስንወጣ ጎረምሳው ከሽማግሌው ጋር እንደገና ጀምሯል።

«አያ፣ ይኸው አዩ። ወረቀት ቢኖራት ኖሮ እናትየዋ ሰው ፊት እንዲህ ባልተጨነቀች።»

«ወረቀት ቢኖራትማ ማን ዝም ይልላት ነበር? ወረቀት ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል።»

«ዝምታችሁ እኮ ሊያስቀራት ነበር።»

«አላስቀራትም።»

«ለትንሽ ነው።»

የትኛው ልክ እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎረምሳው እውነቱን ነው፤ እንደኔ ያለች ስንት እናት አለች አፏ የማይፈታላት፣ ልጇ ሳይመረጥ ሳይመርጥ የሚቀር። ሽማግሌውም እውነታቸውን ነው። ባሕር ማዶ ያሉትም እንዲህ ሁለቱም እውነት ይዘው ይሆናል የሚጣሉት። ራዲዮኑ ያን አልነገረንም።

የድንበር ባላጋራዬ በአጠገቤ ስታልፍ አልሰላመችኝም። እኔ ግን ጎንበስ አልሁላት። እሷም ቆም አለችና «ድንበሩ ግን ድንበር ነው» አለችኝ። «ነው እንጂ» አልኋት። ሄደች።

ወደ ቤት ስንመለስ የበልግ ደመና ከበላያችን ተሰብስቦ ነበር። ልጅቱ ቸኩላ ቀድማናለች። ጎረቤቴና እኔ ቀስ እያልን ቁልቁለቱን እንወርዳለን። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቄያቸው የማላውቀውን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ሲገዙልኝ አልፈሩም?»

«ምኑን?»

«እርስዎም ቤት ሕፃናት ነበሩ። ሞት የሚፈልጋትን ልጅ ነው ቤትዎ ያስገቡት። ተከትሎ ቢመጣስ?»

«ፈርቻለሁ እንጂ» አሉ። «ወላሂ ሌሊቱን ሁሉ ልጆቼን እየዳበስሁ ነው የከረምሁት። ባለቤቴ ሲቀራ ያድር ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ምን ላድርግ። አንቺ ታለቅሺ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው።»

ይህን ያሉት እንደዋዛ ነው፤ ጭቃው ላይ የሚረግጡትን እየመረጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የእኔን ፍርሃት ብቻ ነበር የማውቀው። በግድግዳው ማዶ ሌላ እናት የእኔን ልጅ ገዝታ የራሷን እየዳበሰች እንደምታድር አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ለዚህ የሚሆን ምን ዓይነት ወረቀት አለ? ምስክር ቢጠራ እንኳ ማን ያየ አለ?

ዞር ብለው አዩኝ። «ነይ እንጂ። ዝናቡ ሊይዘን ነው።» ስደርስባቸው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካርዱ ላይ ያንቺ ትሁን። ደስ ይበልሽ። እኔ ግን አልመለስኋትም፤ የገዛሁትን አልሸጥሁም። የሚመጣ ነገር ካለ እኔ ደጅ ነው የሚመጣ። አንቺ ተኚ።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። ልጅቱ ወንዙን ተሻግራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ካርዱን እንዳይረጥብ በጥርሷ ይዛዋለች፤ ስለዚህ የምትጠራን በእጇ ነው። ጎረቤቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡ፤ እኔም የረገጡትን ድንጋይ እየረገጥሁ ተከተልኋቸው።